ለአረጋውያን የሚመጣው አዲስ አገልግሎት ውልም ዳኛም ይኑረው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

በደሴ፣ በኮምቦልቻና በዙሪያው ባሉ ወረዳዎች በቤት ለቤት ሕክምና፣ በማኅበራዊ ጉዳይና በጤና መረጃ ሥራ ላይ ያለን ባለሙያዎች ነን። የምንጽፈው ለአረጋውያን ታስበው ወደ ወሎ ስለሚገቡ አዳዲስ አገልግሎቶች ነው። በስልክ የሚሰጥ የሐኪም ምክር አለ፤ ልጆች ባሕር ማዶ ሆነው የሚከፍሉት ቅጥር አስታማሚ አለ፤ ቤት ውስጥ የሚቀመጥ የግፊትና የስኳር መለኪያ፣ በስልክ የሚላክ ድጎማ፣ በጎ ፈቃደኞችን ለተወሰነ ጊዜ አሠልጥኖ የሚያሰማራ ፕሮጀክትም አለ። አዲስ ነገር አይምጣብን አንልም፤ እጅግ ያስፈልገናል። የምንለው፣ አገልግሎቱ ሲስተጓጎል ወይም ሰው ሲጎዳ የሚጠየቀው ማን እንደሆነ በጽሑፍ ሳይታወቅ ማንም ይዞት ወደ አረጋዊ ቤት አይግባ ነው።

በአገራችን 60 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነው ሰው ከመቶ አምስት ገደማ ስለሆነ ጉዳዩ ገና የሚጠብቀን ሊመስል ይችላል። ወሎ ላይ ግን ችግሩ ቀድሞ የደረሰው ጧሪው ስለራቀ ነው። ከቃሉ፣ ከወረባቦ፣ ከሐብሩና ከራያ ቆቦ ብዙ ሴቶች ልጆች ዓረብ አገር፣ ብዙ ወንዶች አዲስ አበባና ከዚያም ወዲያ ሄደዋል። ገንዘብ ይልካሉ፤ በየቀኑ ይደውላሉ። እናትን ከመደብ ደግፎ የሚያነሳ፣ ገላቸውን የሚያጥብ፣ መድኃኒታቸውን በሰዓቱ የሚያስውጥ እጅ ግን በሐዋላ አይላክም።

የመንግሥት መዋቅርም ለዚህ ሥራ ተብሎ አልተዘረጋም። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር 16 ፓኬጆች ነበሩት፤ ትኩረቱ እናቶች፣ ሕፃናት፣ ንጽሕናና ተላላፊ በሽታ ላይ ነበር፤ የአረጋውያን ክብካቤ ራሱን የቻለ ፓኬጅ አልነበረም። ጡረታ ደመወዝተኛ ለነበረ ሰው ነው፤ ሲያርስ፣ ሲሸምን፣ ጉልት ሲቸረችር የኖረውን አያውቀውም። ሴፍቲኔት በቀጥታ ድጋፍ ጉልበት የሌለውን ይረዳል፤ ደሴም የከተማ ሴፍቲኔት መጀመሪያ ከገባባቸው 11 ከተሞች አንዷ ናት፤ የሚሰጠው ግን ገንዘብ ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ሲጀመር ተሁለደሬ ከነዚያ አንዷ ነበረች። ያ ሙከራ ለዛሬው ጉዳይ የሚሆን ትምህርት አለው። ሲቀረጽ ጀምሮ የአባላት መዝገብ፣ ጠቅላላ ጉባኤ፣ ቦርድ፣ ከጤና ተቋማት ጋር የሚፈረም ውል ነበረው። አባሉ ካርዱን ይዞ ሄዶ መድኃኒት ቢያጣ ቢያንስ የሚያመለክትበት ጽሕፈት ቤት አለ። መድኑ የሚከፍለው ግን ሰውየው እስከ ተቋሙ ሲደርስ ነው፤ አልጋ ይዞ መሄድ ያቃተው መዋጮውን ከፍሎ ቤቱ ይተኛል። አዲሱ አገልግሎት የሚገባው በዚህ ክፍተት ነው፤ ጤና ተቋሙ በማይደርስበት፣ ተቆጣጣሪም በሌለበት ቦታ።

ወሎ በዚህ ነገር ባዶ እጁን አይደለም፤ ቅሬ አለው። በሌላው አገር ዕድር የሚባለው ማለት ነው፤ እኛ ዘንድ በብዙ መንደር ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አብሮ የሚቀመጥበት ነው። ቅሬ መዝገብ አለው፣ ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፤ የቀረ ይቀጣል። ማን አልጋ ላይ እንደዋለ፣ የማን ልጅ ቤቱን ጥላ እንደሄደች፣ ከማን ቤት ጭስ ከታየ ሁለት ቀን እንዳለፈ ከቀበሌ ጽሕፈት ቤት ቀድሞ ያውቃል። ፕሮጀክት ይዘው የሚመጡ ብዙዎች ግን ቅሬን የሚፈልጉት ሰው ለማሰባሰብ ብቻ ነው። ዳኛው አረጋውያኑን ጠርቶ ያስመዘግባል፣ ፊርማ ይሰጣል፣ ፎቶ ይነሳል። የተሰጠው መሣሪያ ሲበላሽ ወይም በጎ ፈቃደኛዋ መምጣቷን ስታቆም ሰው የሚመጣው ወደ እሱ ደጅ ነው፤ እሱ ግን ለማን እንደሚደውል እንኳ አያውቅም።

ስለዚህ ማንኛውም አዲስ አገልግሎት በሦስት ወገን ውል ይጀመር፤ አገልግሎት ሰጪው፣ የወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት (በከተማ የክፍለ ከተማው)፣ እና ቅሬው። ውሉ ከሁለት ገጽ አይለፍ። በአማርኛ፣ በከሚሴ ዙሪያ ደግሞ በኦሮምኛ ይጻፍ፤ በቅሬው ስብሰባ ላይ ጮክ ተብሎ ይነበብ። ውስጡ ምን ይግባ ቢባል፣ ከልምድ የሚጎድሉትን እንጥቀስ። በሳምንት ስንት ጊዜ፣ ለስንት ሰዓት ይመጣሉ? የተመደበችው አስታማሚ ከቀረች ተተኪ በስንት ሰዓት ውስጥ ትላካለች? 24 ሰዓት ይበቃል፤ አልጋ ላይ ለዋለ ሰው ግን 12 ሰዓት እንኳ ብዙ ነው፤ ምክንያቱም ሳይገላበጥ የዋለ ሰው ታፋው፣ ጅራት አጥንቱና ተረከዙ በሰዓታት ውስጥ መቅላት ይጀምራል፤ መገላበጥ ያለበት በየሁለት ሰዓቱ ነው። አስታማሚዋ የምትሠራውና የማትሠራው ተለይቶ ይጻፍ። ማጠብ፣ ማገላበጥ፣ መመገብ፣ መድኃኒት ማስታወስ ሥራዋ ነው። ኢንሱሊን መውጋት በነርስ የተፈተነ ሰው ብቻ ሥራ ነው፤ መጠን መቀየር የማንም አስታማሚ ሥራ አይደለም። ባትሪውን፣ የስልክ ካርዱን፣ የስኳር መለኪያውን ስትሪፕ (የደም ጠብታ የሚነካበትን ቁራጭ) ማን ይገዛል? መሣሪያው የማን ንብረት ነው? አገልግሎቱ የሚቆም ከሆነ ከስንት ቀን በፊት ይነገራል? 90 ቀን ያስፈልጋል፤ ዓረብ አገር ያለች ልጅ ሌላ ሰው ለማፈላለግ ከዚያ ያነሰ ጊዜ አይበቃትም።

እዚህ ላይ ለራሱ ለቅሬውም መጠንቀቅ ይገባል። የቅሬ ዳኛ ነርስ አይደለም፤ የቁስል ወይም የመድኃኒት ኃላፊነት አይጣልበት። ለቀብር የተዋጣው ገንዘብ ለአገልግሎቱ ጉድለት መሸፈኛ አይነካ፤ ተነክቶ ቅሬው ቢናጋ ሁለቱንም እናጣለን። ሌላው፣ በብዙ ቅሬ ወንበሩ ላይ የሚቀመጡት ወንዶች ሲሆኑ የሚያስታምሙት ሴቶች ናቸው። አገልግሎቱን የሚከታተለው ቡድን አምስት ሰው ከሆነ ሦስቱ በቤታቸው አረጋዊ ያስታመሙ ሴቶች ይሁኑ፤ የተጋገረ ቁስልና የተቃጠለ ወጥ የሚያዩት እነሱ ናቸው። መዋጮ መክፈል አቅቷቸው ከቅሬ የወጡ፣ ተፈናቅለው የመጡ፣ ዘመድ የሌላቸው አረጋውያን ደግሞ በቅሬ መዝገብ ላይ አይገኙም። ለእነሱ የቀበሌው ማኅበራዊ ጉዳይ የራሱን ዝርዝር ይዞ መምጣት አለበት። በቅሬ ብቻ የተመዘገበ አገልግሎት ከሁሉ የባሰበትን ሰው ትቶ ያልፋል።

ሙከራው ትንሽ ይሁን። በአንድ የከተማ ቀበሌና በአንድ የገጠር ቀበሌ 30፣ 30 አረጋውያን ይበቃሉ። ጊዜው ሐምሌንና ነሐሴን የግድ ይጨምር። በጥርና በየካቲት ተሞክሮ ተሳካ የተባለ አገልግሎት በክረምት ምን እንደሚሆን እናውቃለን፤ ወንዝ ይሞላል፣ የገጠር መንገድ ይቆረጣል፣ ሰማዩ ስለሚደፈን በፀሐይ የሚሞላው ባትሪ ምሽት ሳይደርስ ያልቃል፣ ኔትወርክም ከመብራቱ ጋር ይጠፋል። ደላንታ ወይም ለጋምቦ ደጋ ላይ ያለ ሙከራና ከሚሴ ወይም ቆቦ ቆላ ላይ ያለ ሙከራ እንደ አንድ አይቆጠር። ምሳሌ እንስጥ። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቀመጥ አለበት። ደጋው ላይ የተከፈተውን ለአራት ሳምንት ያህል ከፀሐይ አርቆ ቤት ውስጥ መያዝ ብዙም አያስቸግርም። ቆላው ላይ ማቀዝቀዣ ከሌለ በውሃ የራሰ አሸዋ መካከል የተቀመጠ የሸክላ ማሰሮ ያስፈልጋል፤ አሸዋውም በየቀኑ መርጠብ አለበት። ይህን በውሉ ላይ ያላሰፈረ አገልግሎት ቆላ ላይ የሚያድለው የሞተ መድኃኒት ነው።

የሚመዘገበው ነገር ጥቂት ይሁን፤ ግን አይቋረጥ። አንድ የተሰመረ ደብተር፣ ሰባት ዓምድ፦ ቀን፣ የታቀደ ጉብኝት፣ የተደረገ ጉብኝት፣ መውደቅ፣ አዲስ ቁስል፣ የተዘለለ መድኃኒት፣ ቅሬታ። ታብሌት ቢኖርም ደብተሩ አይቅር። የሰሜኑ ጦርነት ወሎን ሲያዳርስ ጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፤ ካርድና መዝገብ የጠፋበት ሕመምተኛ ምን ሲወስድ እንደነበር የሚያውቀው ቤቱ የቀረው ወረቀት ብቻ ሆኖ ነበር። ሙከራው የሚቆምበት ነጥብም ከመጀመሩ በፊት ይወሰን። ለሁለት ተከታታይ ሳምንት ከአምስት ጉብኝት አንዱ ከቀረ አዲስ ሰው መመዝገብ ይቁም። ለአንድ ወር ከቀጠለ አገልግሎቱ ራሱ ይታገድ። የስርቆት ወይም የመደፈር ክስ ከቀረበ አስታማሚው ያን ዕለት ከቤቱ ይውጣ፤ ማጣራቱ ከዚያ በኋላ ይቀጥላል። ነጥቡ ቀድሞ ካልተወሰነ ሙከራውን ያመጣው ሰው ሁልጊዜ «ትንሽ እንታገሥ» ይላል፤ ገንዘብም ስምም አውጥቶበታልና እንደዚያ ማለቱ አያስገርምም።

ርካሹና ጠቃሚው አዲስ ነገር ኤሌክትሪክ የማይፈልገው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአረጋውያን ያዘጋጀው የስድስት ነገር ምርመራ ማስታወስን፣ መንቀሳቀስን፣ መመገብን፣ ማየትን፣ መስማትንና ስሜትን ይመለከታል። አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አንድ ወንበር፣ ሰዓትና እርሳስ ይዛ ልትሠራው ትችላለች። ሦስት ቃል ነግሮ ትንሽ ቆይቶ መጠየቅ፤ እጅን ደረት ላይ አጣምሮ ከወንበር አምስት ጊዜ መነሳትና መቀመጥ በ14 ሰከንድ ውስጥ ማለቁን ማየት፤ በሦስት ወር ውስጥ ሳይፈልጉ ከ3 ኪሎ በላይ መቀነሳቸውን ወይም የምግብ ፍላጎት ማጣታቸውን መጠየቅ፤ ከኋላ ሆኖ በሹክሹክታ መናገር። በወሎ ቤት ሲሠራ የሚበላሸውም ይታወቃል። ብዙ ቤት ያለው ዱካ ወይም መደብ ነው፤ ከዝቅተኛ ዱካ መነሳት ጤነኛውንም ያስቸግራል፤ ስለዚህ ቁመቱ ወደ 45 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጽኑ ወንበር ይዞ መሄድ ያስፈልጋል። ሚዛን ከሌለ «መቀነቱ ላልቶብዎታል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። ሦስቱም ቃላት አዛውንቷ በየቀኑ የሚያውቋቸው ይሁኑ። ምርመራው የሚጠቅመው ግን ጉድለት ሲገኝ የሚላክበት ቦታ ካለ ነው። ዓይናቸው ሞራ የለበሰ ሰው ተገኝቶ ወደ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል መሄጃ፣ ደጋፊና ማደሪያ ካልተዘጋጀ ምርመራው ተስፋ ሰጥቶ መንሳት ነው።

ወደ መሣሪያው ስንመጣ ጥንቃቄው ይበዛል። መሣሪያው በምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት የተመዘገበ መሆኑ መነሻ ነው፤ የተመዘገበ መሣሪያም በአግባቡ ካልተያዘ ያሳስታል። በእጅ አንጓ ላይ የሚታሰረው የግፊት መለኪያ ለማምጣት ቢቀልም እጅ ከልብ ትይዩ ካልተያዘ ቁጥሩ አይታመንም፤ የክንዱ ይመረጥ። መደበኛው የክንድ ማሰሪያ በብዛት ዙሪያው ከ22 እስከ 32 ሳንቲ ሜትር ለሆነ ክንድ የተሠራ ነው። የብዙ አዛውንቶቻችን ክንድ ከዚያ ይቀጥናል፤ ሰፊ ማሰሪያ ደግሞ በቀጭን ክንድ ላይ ግፊቱን ዝቅ አድርጎ ያሳያል። ትንሹ ማሰሪያ አብሮ ካልመጣ ግዥው አልተሟላም። ከመለካቱ በፊት 5 ደቂቃ ተቀምጠው ይረፉ፣ ጀርባቸው ይደገፍ፣ እግራቸው መሬት ይርገጥ። ከቡና በኋላ ግማሽ ሰዓት መቆየት አለበት፤ በወሎ ቤት ቡና በቀን ሦስት ጊዜ ስለሚፈላ የመለኪያው ሰዓት ከቤተሰቡ ጋር አስቀድሞ ይመረጥ። ሁለት ጊዜ ተለክቶ ሁለቱም ይጻፍ። ከዚያ ቆመው በ3 ደቂቃ ውስጥ ይደገም፤ የላይኛው ቁጥር በ20 ወይም የታችኛው በ10 ከወረደ ሌሊት ለሽንት ሲነሱ የመውደቅ አደጋ አለባቸው፤ መድኃኒታቸውም ለሐኪም ይታይ። ብዙ የስልክ አገልግሎት ይህን የቁም ልኬት አይጠይቅም። ተቀምጠው በተለካው ብቻ መድኃኒት ሲጨመር የሚገኘው የዳሌ ስብራት ነው።

«ደም ብዛት» የሚለው ስያሜም የራሱ ጣጣ አለው። ብዙ ሰው ደሙ በዝቶ ነው ብሎ ስለሚረዳው ራሱን ማዞሩና ማመሙ ሲተወው «ደሙ ወረደ» ብሎ ክኒኑን ያቆማል። በስልክ የሚላከው የማስታወሻ መልእክት «መድኃኒትዎን ይውሰዱ» ከሚል «ደህና ቢሆኑም አያቋርጡ» ቢል ይሻላል። መልእክቱ ደግሞ በድምፅ ይሁን። የብዙዎቹ አረጋውያን ስልክ ተራ ባለ ቁልፍ ነው፤ ጽሑፍ ቢመጣ የሚያነብላቸው የልጅ ልጅ ትምህርት ቤት ነው።

የደም ኦክስጅን መለኪያ ላይ ከፍታ ይረሳል። ጣት ላይ የሚሰካው መሣሪያ ማንቂያ በብዛት የሚስተካከለው በባሕር ጠለል ልክ ነው፤ እዚያ ከመቶ 95 እና ከዚያ በላይ መደበኛ ነው። ደሴ ግን 2500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ ጤናማ አረጋዊ እዚህ 92 ወይም 93 ሊያሳይ ይችላል። ደላንታና ወረኢሉ ከዚህም ከፍ ይላሉ፤ ኮምቦልቻ በመኪና ግማሽ ሰዓት ያህል ወርዶ ወደ 1850 ሜትር ነው። ማንቂያው 94 ላይ ከተስተካከለ ደጋው ላይ ቀንና ሌሊት ይጮኻል፤ በሁለተኛው ሳምንት ቤተሰቡ ያጠፋዋል፤ እውነተኛው የሳንባ ምች ሲመጣ የሚሰማው የለም። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ሰውየው ደህና በሆነበት ቀን የራሱ ቁጥር ተለክቶ ይጻፍና ማንቂያው ከዚያ አንጻር ይስተካከል። ይህን የሚያደርግ ነርስ ማን እንደሆነ ውሉ ይናገር።

የስኳር መለኪያ ደግሞ ከመሣሪያው ይልቅ በስትሪፑ ይሞታል። በዕርዳታ የመጣው መሣሪያ ስትሪፕ ደሴ ገበያ ከሌለ ከስድስት ወር በኋላ መሣሪያው የልጆች መጫወቻ ነው። አገር ውስጥ ስትሪፑ በቋሚነት የማይገኝ መሣሪያ በነጻ ቢሰጥም ተቀባዩ እንዳይቀበል እንመክራለን። የስልክ ምክር የሚሰጠውም ድርጅት ከመጀመሩ በፊት እያንዳንዱ አረጋዊ የሚወስደውን ክኒን ሁሉ ከነሳጥኑ ይይ። ግሊቤንክላማይድ የተባለው የስኳር ክኒን ከ60 ዓመት በላይ ለሆነ ሰው እንደማይመከር የዓለም ጤና ድርጅት በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ላይ አስፍሯል፤ ስኳርን አለቅጥ አውርዶ ለረዥም ሰዓት ያቆያልና። ዛሬም የሚወስዱት አረጋውያን አሉ። በዚህ ላይ ረመዳን ወይም ዐቢይ ጾም ሲመጣ ብዙ አዛውንት ሐኪም ቢከለክልም ይጾማሉ፤ ስልኩ ግን እንደተለመደው ጠዋት 2 ሰዓት ላይ «ክኒንዎን ይውጡ» ይላል። ክኒኑን ውጠው እስከ መግሪብ ወይም እስከ ቅዳሴ መውጫ ምግብ ሳይቀምሱ የሚውሉ ሰው ከሰዓት በኋላ አልቧቸው፣ እጃቸው ተንቀጥቅጦ፣ አንደበታቸው ተሳስሮ ይገኛሉ፤ ጎረቤት «ስትሮክ ነው» ይላል፣ ወይም ጸበልና ዱዓ ይፈለጋል። በአፋቸው መዋጥ ከቻሉ ሦስት ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጦ መስጠት ያተርፋቸዋል፤ ራሳቸውን ከሳቱ ግን ምንም ነገር በአፍ ሳይሰጡ ወደ ጤና ጣቢያ መሮጥ ነው። የጾም ወራትን የማያውቅ የማስታወሻ ሥርዓት ወሎ ላይ አይፈቀድ።

ገንዘብ። ድጎማ በስልክ ሲላክ ፈጣን ነው፤ አረጋዊው ቁጥሩን ማንበብ ካልቻሉ ግን የይለፍ ቁጥሩን የሚያውቀው ወኪሉ፣ የልጅ ልጁና አስታማሚዋ ይሆናሉ። አስታማሚ የይለፍ ቁጥር አትያዝ፤ ይህ ለእሷም መጠበቂያ ነው። ጡረታ ወይም ድጎማ በሌላ ሰው የሚወጣ ከሆነ በሕጋዊ ውክልና ይሁን፤ ተወካዩ ደግሞ ከአስታማሚዋ የተለየ ሰው ይሁን። መታወቂያ ላይም መዘጋጀት ያሻል። ዕድሜ ልኩን ድንጋይ ሲያነሳና ሲያርስ የኖረ ሰው የጣቱ መስመር ይጠፋል፤ መሣሪያው አሻራውን አያነብም። ፋይዳ የተባለው ብሔራዊ መታወቂያ ከአሻራ ሌላ የዓይን ብሌንና ፊት ይመዘግባል፤ ዓይናቸው ሞራ የለበሰባቸው ሰው ደግሞ በብሌኑም ሊቸገሩ ይችላሉ። «አሻራዎ አልሠራም» ተብሎ ከመስመር የተመለሰ አረጋዊ ሁለተኛ አይመጣም፤ ስለዚህ በእጅ የሚፈረም አማራጭ በዚያው ዕለት በዚያው ጠረጴዛ ላይ ይኑር።

ዕድሜም እንዲሁ ነው። መታወቂያ ላይ ያለው ዓመት በግምት የተጻፈ ነው፤ 60 ካልሞላ አይመዘገብም ማለት ብዙ ሰው ያስቀራል። የወሎ ሰው ዕድሜውን በድርቅ ይቆጥራል። በ66ቱ ድርቅ አሥር ዓመት የሞላው ልጅ በ2016 ዓ.ም. 60 ገብቷል። «ያኔ ከብት ትጠብቁ ነበር ወይስ አግብታችሁ ነበር?» ብሎ መጠየቅ ከካርዱ ይልቅ ያስጠጋል።

ከሁሉ የሚያሳስበን ካሜራ ነው። ጂዳ ወይም ዱባይ ያለች ልጅ እናቷን ማየት ስለምትፈልግ፣ ገንዘቡንም የምትከፍለው እሷ ስለሆነች፣ ቤት ውስጥ ካሜራ ይተከል ትላለች። ፍቅሯ እውነት ነው። ነገር ግን የሚታዩት እናት ራሳቸው በግልጽ ተጠይቀው ካልፈቀዱ መተከል የለበትም። የተተከለውንም በፈለጉ ጊዜ ማጥፋት ይቻላቸው፤ መኝታና መታጠቢያ ቦታ ላይ ፈጽሞ አይተከል፤ ቡና ሊጠጡ የሚመጡ ጎረቤቶችም መኖሩን ይወቁ። መርሳት የጀመራቸው ሰው ከሆኑ የሚከፍለው ልጅና ሌላ አንድ የቅርብ ዘመድ አብረው ይወስኑ፤ የሚከፍለው ብቻውን አይወስን። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥበቃ ከሚሹት ይመድበዋል። ውሉ ላይ መረጃው የት እንደሚቀመጥ፣ ማን እንደሚያየው፣ አገልግሎቱ ሲቆም ለጤና ጣቢያው ተላልፎ ከድርጅቱ ዘንድ በስንት ቀን እንደሚጠፋ ይጻፍ።

አስታማሚዋንም እናስብ። ቤተሰብ በቀጥታ የቀጠራት የቤት ሠራተኛ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አትሸፈንም፤ ለትርፍ የሚሠራ ድርጅት ሲቀጥራት ግን ትሸፈናለች። «እኛ አገናኝ ነን እንጂ ቀጣሪ አይደለንም» የሚል ድርጅት ደመወዟንና ሰዓቷን ከወሰነ፣ ከቤት ወደ ቤትም ካዘዋወራት ቀጣሪ ነው፤ ወረዳው እንደዚያ ይያዘው። ከባድ ሰው ብቻዋን እንድታነሳ አትገደድ፤ አልጋ ላይ የዋለን ሰው ሁለት ሆኖ፣ ከሥር በታጠፈ አንሶላ እየሳቡ ማንቀሳቀስ የሁለቱንም ወገብና የበሽተኛውንም ቆዳ ያድናል። ከገጠር የመጣች የ16 ዓመት ልጅ ሌሊቱን ሙሉ ብቻዋን አረጋዊ እንድትጠብቅ ማድረግ ለማንም አይበጅም።

ከሌላ አገር ልምድ ሁለቱን ብቻ እናንሳ። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ በኮርንዎል፣ በኬንትና በኒውሃም ከ6000 በላይ ሰዎችን ይዘው የርቀት መከታተያ መሣሪያን በሰፊው ፈትነዋል፤ በተለመደው አገልግሎት ላይ ሲጨመር የወጪውን ያህል ጥቅም አላሳየም። ዋጋ የነበረው ፈትነው ውጤቱን በግልጽ ማውጣታቸው ነው። ዚምባብዌ ውስጥ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2006 የተጀመረው ሥራ አያቶችን አሠልጥኖ ጤና ጣቢያ ግቢ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀምጦ የተጨነቀ ሰው እንዲያዳምጡ አደረገ፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ የንጽጽር ጥናት ጭንቀትንና ድባቴን መቀነሱን አሳይቷል። ወሎ ውስጥ ሰው ምሥጢሩን አምኖ የሚነግራቸው አዛውንት ሴቶች በየመንደሩ አሉ። አረጋውያን ተቀባይ ብቻ ሆነው የሚቀረጹበት አገልግሎት ይህን ሀብት ሳያየው ያልፋል።

የክልሉ ጤና ቢሮና የማኅበራዊ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ አንድ የጋራ የውል ናሙና ቢያወጡ፣ ወረዳዎችም ያለዚያ ውል ማንንም እንዳያስጀምሩ ቢታዘዙ፣ ከላይ የዘረዘርነው አብዛኛው ያለ ተጨማሪ በጀት ይፈጸማል። የሚፈለገው የሰው ጊዜ ነው፤ በየወረዳው አንድ ስሙ የታወቀ ባለሙያ፣ በወር ሁለት ቀን የየቅሬውን ደብተር ተቀምጦ የሚያነብ።

እስከዚያው ድረስ አገልግሎት የጀመሩ ሁሉ ነገ ሊያደርጉት የሚችሉት ነገር አለ። በአረጋዊው አልጋ ራስጌ ግድግዳ ላይ በወፍራም ፊደል የተጻፈ አንድ ካርቶን ይለጠፍ። ከላይ ሌሊት ሊጠሩ የፈቀዱ የሁለት ጎረቤቶች ስምና ስልክ፣ ቀጥሎ የቅሬው ዳኛ፣ ቀጥሎ ቅርቡ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ አሁን የሚወስዱት መድኃኒት ስምና መጠን፣ የድርጅቱ ስልክ ከሁሉ በታች። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ኔትወርክ ቢጠፋ አጥር ዘልሎ የሚደርሰው ጎረቤት ስለሆነ ቅደም ተከተሉ አይቀየር፤ ካርቶኑም መድኃኒት በተቀየረ ቁጥር በአዲስ ይጻፍ።

ከአክብሮት ጋር
በደሴና በአካባቢዋ የምንሠራ የጤናና የማኅበራዊ አገልግሎት ባለሙያዎች